ትርፍ መብራት የማን ነው?

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ጉዳዩ የቢትኮይን ማይኒንግ እና የእኛ መብራት ነው።

አራዳ ውስጥ ካፌ ቁጭ ብላችሁ ይሄን ወሬ ብታነሱ ሰው ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «ሊስትሮው ሳይቀር አዋጥቶ የሠራውን ግድብ ለቻይና ማሽን ሰጠነው፤ መብራታችንን እየበሉት ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ውሃው ዝም ብሎ ከሚፈስ ዶላር ቢያመጣ ምን አለበት? እናንተ ቴክኖሎጂ አይገባችሁም» ይላል። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ወደ ስድብ ይሄዳል፣ ሒሳብ ይከፈላል፣ ሁሉም ወደየቤቱ ይበተናል።

የኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር። ማሽኖቹ አምፖላችንን አልሰረቁም። ነገር ግን «ትርፍ ኃይል» እያልን የሸጥንላቸው መብራት ትርፍ የሆነው ሰው ጠግቦት አይደለም፤ ሰው ቤት የሚያደርሰው ሽቦ ስለሌለ ነው። ስለዚህ ከማሽኖቹ የሚገኘው ዶላር ምሰሶ፣ ሽቦና ትራንስፎርመር ካልሆነ፣ ማሽኖቹ ተጭነው የሄዱ ቀን ባዶ እጃችንን እንቀራለን። ሌላው ሁሉ የዚህ ማብራሪያ ነው።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንግባባ

በ2016 ክረምት ቴሌግራም ላይ ሃምስተር ሲጫን የከረመ ልጅ በየሰፈሩ ሞልቶ ነበር። «ማይን እያደረግኩ ነው» ይል ነበር። ያ ማይኒንግ አልነበረም፤ ጣት ማድከም ነው። ስልክ ቢትኮይን አያወጣም። እውነተኛው ማይኒንግ የሚሠራው ለዚህ ብቻ በተሠራ፣ ሌላ ምንም በማይሠራ፣ የጫማ ካርቶን በሚያክል ማሽን ነው። ከውስጡ ቺፕ፣ ከፊትና ከኋላው ፋን አለው። ሲሠራ የሚያወጣው ሙቀትና ጩኸት ሌላ ነው።

ሥራው ምንድን ነው? ቀለል አድርገን ሎተሪ እንበለው። በየ10 ደቂቃው ገደማ አንድ ዕጣ ይወጣል። እያንዳንዱ ማሽን በሰከንድ ቁጥር ስፍር የሌለው ግምት ይገምታል፤ ትክክለኛውን ቁጥር ቀድሞ ያገኘው የአሥሩን ደቂቃ ግብይት መዝገብ ይዘጋል፣ ሽልማቱንም ይወስዳል። ከሚያዝያ 2016 ወዲህ ሽልማቱ 3.125 ቢትኮይን ነው፤ በየአራት ዓመቱ ገደማ ደግሞ በግማሽ ይቀነሳል። የሎተሪው ትኬት መግዣ መብራት ነው። ብዙ መብራት ያቃጠለ ብዙ ትኬት ቆረጠ ማለት ነው።

አሁን ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። የፒያሳ ወርቅ ቤቶች የሚሸጡት ወርቅ ከመሬት የወጣ ነው፤ ብዙ ሰው ከቆፈረ ብዙ ወርቅ ይወጣል። ቢትኮይን ግን እንደዚያ አይደለም። ዓለም ላይ ያለው ማሽን ነገ በእጥፍ ቢጨምር የሚወጣው ኮይን አንዲት ሳንቲም አይጨምርም። ሥርዓቱ በየሁለት ሳምንቱ ገደማ ራሱን እየለካ እንቆቅልሹን ያከብደዋል። ስለዚህ የሚጨምረው ሩጫው ብቻ ነው፤ ሽልማቱ ያው ነው። ሰው ሁሉ በእግሩ ቆሞ ኳስ ቢያይ ቁጭ ብሎ ካየው የተሻለ እንደማያይ ዓይነት ነገር ነው። ብቻ ሁሉም ይደክማል።

ይህ ድካም በዓመት ስንት ነው? የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የቢትኮይንን የመብራት ፍጆታ ለዓመታት ሲከታተሉ ቆይተዋል፤ ግምታቸው በዓመት ከ100 ቴራ ዋት ሰዓት በላይ ነው። ይህ ቁጥር ለጆሮ ምንም አይልም። ስለዚህ በእኛ መለኪያ እንለካው። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ በዓመት ያመነጫል ተብሎ የሚጠበቀው 15,760 ጊጋ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ማለትም ቢትኮይን ብቻውን በዓመት ቢያንስ ስድስት ሕዳሴ ግድብ ይበላል። ስድስት!

«ሌላ መንገድ የለም እንዴ?» የሚል ካለ አለ። ሁለተኛው ትልቁ ክሪፕቶ ኢቴርየም በመስከረም 2015 ይሄን የግምት ሩጫ ትቶ በሌላ አሠራር ተተካ፤ የመብራት ፍጆታው ከ99 በመቶ በላይ ወረደ። ገንዘቡ ግን ዛሬም ይሠራል። ስለዚህ የመብራቱ ወጪ የክሪፕቶ ሁሉ ዕጣ ፈንታ አይደለም፤ የቢትኮይን ምርጫ ነው።

ምጣድና ማሽን

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። አንድ ዘመናዊ የማይኒንግ ማሽን 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። ይሄን ቁጥር የምታውቁት ከየት ነው? ከእንጀራ ምጣድ! የኤሌክትሪክ ምጣዳችንም የሚስበው ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ነው። አንድ ማሽን ማለት አንድ ምጣድ ነው በሉ። ልዩነቱ ምጣዱ እንጀራው ሲያልቅ ይነቀላል፤ ማሽኑ ግን ቀንም ሌሊትም፣ በዓልም ጾምም አይነቀልም።

አንድ ቤተሰብ በሳምንት ሁለቴ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ቢጋግር በሳምንት ሦስት ሰዓት ነው። ማሽኑ በሳምንት 168 ሰዓት ይሠራል። 168ን ለ3 አካፍሉት፤ 56 ይመጣል። አንድ ማሽን የ56 ቤተሰብ እንጀራ የሚጋገርበትን መብራት ይጠቀማል።

አገር ውስጥ ስንት ማሽን አለ? በ2017 መጀመሪያ ላይ የዘርፉ ሰዎች ግምት 600 ሜጋ ዋት ገደማ ነበር፤ ከዓለም የቢትኮይን ማይኒንግ አቅም 2.5 በመቶ ያህሉ ማለት ነው። 600 ሜጋ ዋት ዓመቱን ሙሉ ሳያቋርጥ ቢሠራ 5,256 ጊጋ ዋት ሰዓት ይሆናል። ይህ ሕዳሴ በዓመት ያመነጫል ከተባለው አንድ ሦስተኛው ነው። በምጣድ ስናሰላው፣ በአንድ ጊዜ የተሰኩ ከ170 ሺህ በላይ ምጣዶች፣ በሳምንታዊ ፍጆታ ደግሞ የ9.6 ሚሊዮን ቤተሰብ እንጀራ ማለት ነው።

ለማነፃፀር ያህል አንድ ልጨምር። ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ አቃቂ ወንዝ ላይ ያለው የአባ ሳሙኤል ማመንጫ ከአገራችን የመጀመሪያዎቹ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው፤ አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት። የፒያሳን ሱቆችና ሲኒማ ቤቶች አምፖል ያስለመደ ትውልድ የኖረው በእንዲህ ያለ መብራት ነው። ዛሬ አባ ሳሙኤል በሙሉ አቅሙ ቢሠራ 1,900 ማሽን እንኳ አይችልም።

እንዴት መጡ?

ቻይና በ2013 ማይኒንግን ከለከለች። እስከዚያ ድረስ የዓለም ትልቁ የማይኒንግ አገር እሷ ነበረች። ማሽኖቹ በኮንቴይነር ተጭነው ርካሽ መብራት ፍለጋ ተበተኑ፤ ወደ ካዛኪስታን፣ ወደ አሜሪካ፣ ኋላ ደግሞ ወደ እኛ። የእኛ አገር ሁኔታ ይስባቸዋል፤ መብራቱ ርካሽ፣ ደጋው ቀዝቃዛ፣ ግድቡ አዲስ።

በ2014 የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር በክሪፕቶ ሥራ ላይ ያሉ ተመዝገቡ አለ። በዚያው ዓመት ብሔራዊ ባንክ በበኩሉ በአገሪቱ ሕጋዊ መገበያያ ብር ብቻ መሆኑንና በክሪፕቶ መገበያየት ሕገወጥ መሆኑን አስጠነቀቀ። ውጤቱ ምን መሰላችሁ? ኮይኑን መገበያያ ማድረግ ክልክል፣ ኮይኑን ማምረት ግን ይቻላል። የመንግሥት ወረቀት ላይም ስሙ «ዳታ ማይኒንግ» ሆነ። ስሙ ራሱ ብዙ ነገር ይሸፍናል። ዳታ ስትሉት ሆስፒታልና ባንክ የሚጠቀሙበት ነገር ይመስላል።

የካቲት 2016 አካባቢ፣ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ፒያሳ ላይ በተመረቀበት ሰሞን፣ ሁለት ዜና ተከታትሎ ወጣ። አንደኛው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ከ21 የማይኒንግ ኩባንያዎች ጋር ውል እንዳለውና ከሁለቱ በስተቀር ሁሉም የቻይና መሆናቸውን የሚገልጽ ነበር። ሁለተኛው የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ መቀመጫውን ሆንግ ኮንግ ካደረገ ቡድን ጋር ለዳታ ማይኒንግና ለአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ የ250 ሚሊዮን ዶላር የመግባቢያ ስምምነት ማድረጉን። ፒያሳ ላይ ሰው ሁሉ ስለ ዓድዋና ስለሚፈርሰው ሰፈር ነበር የሚያወራው። ይሄኛው ዜና ብዙ ሰው ጆሮ አልገባም።

ደጋፊዎቹ የሚሉትን በሐቅ እንስማ

ተቃዋሚ መሆን ቀላል ነው፤ ክርክሩን በሙሉ ካላቀረብኩ ግን አላጋጥማችሁም። ደጋፊዎቹ ሦስት ጠንካራ ነጥብ አላቸው።

አንደኛ፣ መብራት እንደ ጤፍ ጎተራ አይገባም። ግድቡ ከሞላ በኋላ በተርባይን ያላለፈ ውሃ በላይ ይፈሳል። ገዢ የሌለው ተርባይን ቆሞ ይውላል፤ ብድሩና ጥገናው ግን አይቆምም። ማይነሩ ደግሞ ሰብስቴሽን አጠገብ ኮንቴይነሩን አስቀምጦ በወራት ውስጥ መግዛት ይጀምራል። መንደር ድረስ መስመር ዘርጉልኝ አይልም።

ሁለተኛ፣ በዶላር ይከፍላል። በ2016 የተዘገበው ዋጋ በኪሎ ዋት ሰዓት 3.14 የአሜሪካ ሳንቲም ነው። ዶላሩ 57 ብር በነበረ ጊዜ 1 ብር ከ79 ሳንቲም ነበር፤ ዶላሩ 130 ብር ሲገባ 4 ብር ከ8 ሳንቲም ሆነ። በዚያን ጊዜ ትንሽ የሚጠቀም ቤተሰብ ለመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚከፍለው 27 ሳንቲም ገደማ ነበር። ስለዚህ «ለቻይና በነፃ፣ ለእኛ በውድ» የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም። ማይነሩ ከድሃው ቤተሰብ በላይ ይከፍላል። ይሄን መካድ አይቻልም።

ሦስተኛ፣ ጭስ የለውም። ካዛኪስታን ውስጥ በድንጋይ ከሰል የሚሠራ ማሽን እዚህ መጥቶ በውሃ ቢሠራ ለአየር ንብረቱ ይሻላል ይላሉ።

እነዚህ ሦስት ነጥቦች የዋዛ አይደሉም። በተለይ ሁለተኛው። 600 ሜጋ ዋት ዓመቱን ሙሉ ቢሠራ በዚያ ዋጋ 165 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል። መድኃኒት ለማስገባት ዶላር ወረፋ በሚጠበቅበት አገር 165 ሚሊዮን ዶላር ቀልድ አይደለም። ማሽኖቹ ነገ ቢነቀሉ ደግሞ ያ መብራት በራሱ ተጉዞ ገጠር ያለች እናት ቤት አይገባም። ለምን? ሽቦ የለማ!

ታዲያ ችግሩ የት ነው?

ችግሩ «ትርፍ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው።

የሕዝቡ ግማሽ ገደማ ዛሬም መብራት የለውም። ከአሥር ቤተሰብ ዘጠኙ ገደማ የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰል ወይም በኩበት ነው። እንዲህ ባለ አገር ትርፍ መብራት የሚባል ነገር የለም። ያለው መንገድ ያጣ መብራት ነው። ገበያ ያልደረሰ እህል ገበሬው ቤት ቢበሰብስ «ትርፍ ምርት» አትሉትም፤ መንገድ ጠፋ ትላላችሁ። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት በሽቦም ይሠራል።

የአካባቢ ጉዳቱንም የምፈልገው እዚህ ነው። ከማሽኖቹ ኮንቴይነር ላይ ጭስ ብትፈልጉ አታገኙም። ጭሱ ያለው ወደ አዲስ አበባ ከሰል ጭኖ በሚገባው አይሱዙ ላይ ነው፤ በተቆረጠው ግራር ላይ ነው፤ ጓዳ ውስጥ በሚያስሉት ልጆች ሳንባ ውስጥ ነው። በየክረምቱ አረንጓዴ አሻራ ብለን ችግኝ እንተክላለን፤ ጎን ለጎን ምጣድ ላይ ሊውል የሚችለውን መብራት ለግምት ሎተሪ እንሸጣለን፤ ምጣዱን ደግሞ በእንጨት እናነዳለን። አንድ አገር በሁለት እጁ እንዲህ ሲሠራ ቀኝና ግራው አልተነጋገሩም ማለት ነው።

በዋጋም ቢሆን እንይ። ኬንያ ከእኛ መብራት መግዛት የጀመረችው በ2015 ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት 200 ሜጋ ዋት፣ በኪሎ ዋት ሰዓት 6.5 የአሜሪካ ሳንቲም። ከማይነሩ ዋጋ እጥፍ ይበልጣል። ያ መስመር 2,000 ሜጋ ዋት ማስተላለፍ ይችላል፤ ውሉ ግን በእነዚያ ዓመታት የአቅሙን አሥረኛ ነው የተጠቀመው። ያም መስመር ከሰማይ አልወረደም፤ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተዘርግቶ ነው። ሽቦ ሲኖር መብራት በእጥፍ ይሸጣል።

ሌላም አለ። ከ2016 ጀምሮ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ጥሩ፤ ግን የኤሌክትሪክ መኪናው ከየት ይሞላል? ከዚሁ መስመር ነው። ማታ ሁሉም መኪናውን ሲሰካ፣ ሁሉም ምጣዱን ሲያሞቅ፣ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ምን ይላል? ፋብሪካው፣ የመስኖ ፓምፑ፣ የወተት ማቀዝቀዣው ሁሉ ወረፋ ላይ ናቸው። አንድ ዳቦ ቤት መብራት ቢያገኝ ጋጋሪ ይቀጥራል፣ ዱቄት ይገዛል፣ ግብር ይከፍላል። አንድ ኮንቴይነር ሙሉ ማሽን የሚቀጥረው ጥበቃና ጥቂት ቴክኒሻን ነው። የሚወጣው ኮይንም በእኛ ባንክ አያልፍም።

ደግሞ ማይነር እንግዳ ነው። ከቻይና በወራት ውስጥ ነቅሎ የወጣ፣ ከእኛም በወራት ውስጥ ነቅሎ ይወጣል። የቢትኮይን ዋጋ ከወረደ፣ ሽልማቱ በግማሽ ሲቀነስ፣ ሌላ አገር 2 ሳንቲም ካለ፣ ክሬን ጠርቶ ኮንቴይነሩን ይጭናል። የሚተወው ነገር ቢኖር አሮጌ ማሽን ነው። እነዚህ ማሽኖች በጥቂት ዓመት ውስጥ ያረጃሉ፤ ሌላ ሥራ ስለማይሠሩ ለትምህርት ቤት ኮምፒውተር ልስጣቸው ብትሉ አይሆኑም። ቆሻሻ ናቸው። ማን ያነሳዋል?

ሌሎች ምን ደረሰባቸው?

ካዛኪስታን ከቻይና የወጡትን ማሽኖች በደስታ ተቀበለች። ዓመት ሳይሞላ የመብራት እጥረት ገጠማት፤ በ2014 ጥር ላይ ማይነሮቹን ከመስመር ቆረጠች። ኢራን በ2013 ግንቦት ላይ ከተሞቿ ሲጨልሙ ማይኒንግን ለአራት ወር ከለከለች። ፓራጓይ እንደ እኛ የትልቅ ግድብ ባለቤት ናት፤ ማይነሮች ከገቡ በኋላ በ2016 ታሪፋቸውን ከፍ አደረገች፤ አንዳንዶቹ ዕቃቸውን ሰብስበው ሄዱ።

ቡታን ግን ሌላ መንገድ ሄደች። ትንሽ የተራራ አገር ናት፤ የመንግሥት ድርጅቷ ራሱ በውሃ ኃይል ኮይን ሲያወጣና ሲያስቀምጥ ቆይቷል። ዋጋው ሲወጣ ትርፉ የአገሪቱ ነው፤ ሲወርድም ኪሳራው የአገሪቱ ነው። እንደሷ እናድርግ አልልም፤ የሕዝብ ገንዘብ ለቁማር አይበጅም። ግን ልዩነቱን እዩት፤ እሷ የዕጣው ባለቤት ናት፣ እኛ የትኬት ማተሚያውን መብራት ሻጭ ነን። ከአንድ ማሽን በወር የምናገኘው 79 ዶላር ገደማ ነው። ኮይኑ ሰማይ ቢነካም 79፣ ቢወድቅም እስኪነቀል ድረስ 79።

የኛም አገር ኃላፊዎች ነገሩ ገደብ እንዳለው ያወቁ ይመስለኛል። ነሐሴ 2017 ላይ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ዋና ሥራ አስፈጻሚ አቶ አሸብር ባልቻ ለአዲስ የዳታ ማይኒንግ ጠያቂ ከእንግዲህ ኃይል እንደማይሰጥ ተናግረዋል። ጥሩ ውሳኔ ነው፤ አመሰግናለሁ። ይሄ የሆነው ደግሞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሕዳሴ በይፋ ከመመረቁ ጥቂት ሳምንት በፊት መሆኑን አስተውሉ። ግድቡ ሪባኑ ሳይቆረጥ ትርፉ አልቋል! ታዲያ ከመጀመሪያውም ምን ያህል «ትርፍ» ነበር?

«ሽቦ መዘርጋት ቀላል መሰለህ?»

ይሄን እንደምትሉኝ አውቃለሁ። መልሴ ፒያሳ ናት።

ፒያሳ በ2016 ፈረሰች። ዶሮ ማነቂያና እሪ በከንቱ የኖረ ሰው ወደ ከተማው ዳር ሄደ። ስለ መፍረሱ ያለኝን ሐዘን ሌላ ቀን እጽፋለሁ፤ ዛሬ ስለ ሽቦው ላውራ። ለስንት ዘመን እንደ ሸረሪት ድር ከጣሪያ ጣሪያ ሲንጠለጠል የኖረው የመብራት መስመር በወራት ውስጥ መሬት ውስጥ ገባ። የመንገድ መብራት ተደረደረ። የድሮው መብራት ኃይል ዋና መሥሪያ ቤት የነበረበት ደጎል አደባባይ ዛሬ ማታ ማታ ቀን ይመስላል። ገንዘብና ፍላጎት አንድ ላይ ሲመጡ ሌሊት ተሠርቶ ያልቃል ማለት ነው። ስለዚህ «አይቻልም» አትበሉኝ፤ አይቼዋለሁ። ለጌጥ መብራት የተቻለ፣ ከፒያሳ ተነስቶ ዳር ለሄደው ቤተሰብ ምጣድም ይቻላል። ለሰሜን ሸዋ ገበሬም ይቻላል።

ሕዝቡ ለዚህ ግድብ ቦንድ ገዝቷል፣ በ8100 መልእክት ልኳል፣ የወር ደመወዙን ሰጥቷል። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደግሞ ታሪፉ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ነው፤ ለአራት ዓመት እንዲቀጥል ነው የታቀደው። ሕዝቡ እየከፈለ ነው። የከፈለ ሰው ሒሳብ ይጠይቃል፤ ይሄ የአራዳም የባላገርም ሕግ ነው።

የምጠይቀው አራት ነገር ነው

1ኛ፦ መዝገቡ ይከፈት። ስንት ኩባንያ፣ ስንት ሜጋ ዋት፣ በስንት ሳንቲም፣ ውሉ መቼ ያልቃል? ይሄ የጦር ምስጢር አይደለም። ግዙፍ ደንበኛ የሆነ ሁሉ በየሩብ ዓመቱ በይፋ ይነገር።

2ኛ፦ ከማይኒንግ የመጣ ዶላር ለብቻው ይቀመጥ፤ ወደ ማከፋፈያ መስመር ብቻ ይሂድ። በዚህ ዓመት ከማሽኖቹ ይሄን ያህል ዶላር ገባ፤ ይሄን ያህል ትራንስፎርመር ተገዛ፤ በእነዚህ ወረዳዎች ይሄን ያህል ቤት ቆጣሪ ገባ ተብሎ ይነገረን። ይሄ ከሆነ እኔ ራሴ የማሽኖቹ ጠበቃ እሆናለሁ። ከዚህ የተሻለ የአንድ ጊዜ ዕድል የለም፤ እንግዳው ከመሄዱ በፊት ቤቱን እንሥራበት።

3ኛ፦ መጀመሪያ የሚጠፋው ማሽኑ ይሁን። በየበዓሉ ዋዜማ ብዙ ኃይል የሚጠቀሙ ፋብሪካዎች ሥራ እንዲያቆሙ ጥሪ ሲቀርብ እንሰማለን፤ አገር ሙሉ ምጣድ ስለሚሰካ። ፋብሪካ ቢቆም ሠራተኛና ምርት ይጎዳል። ማይኒንግ ማሽን ግን ለሁለት ሰዓት ቢቆም ማንም አይጎዳም፤ ቢትኮይኑ ሌላ አገር ይወጣል። አሜሪካ ቴክሳስ ውስጥ በከፍተኛ ፍጆታ ሰዓት ማይነሮች ያጠፋሉ፤ በ2015 ነሐሴ አንድ ኩባንያ ስላጠፋ ብቻ ከ31 ሚሊዮን ዶላር በላይ ማካካሻ አግኝቷል። እኛ ማካካሻ እንክፈል አልልም። ውሉ ውስጥ ግዴታ ሆኖ ይግባ፤ ማታ ከ12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓትና በበዓል ዋዜማ ምጣዱ ይቅደም።

4ኛ፦ ለቆሻሻው መያዣ ያስይዙ። ማሽን የሚያስገባ ኩባንያ ሲያስገባ ገንዘብ ያስይዝ፤ መልሶ ሲያወጣ ወይም በአግባቡ ሲያስወግድ ይመለስለት። ካልሆነ ኮንቴይነር ሙሉ ብረትና ፕላስቲክ ጥሎልን ይሄዳል፤ ከዚያ ቆርቆሮ ሰብሳቢ ልጆች በባዶ እጃቸው ይፈለቅቁታል።

ለሁለቱም ወገን አንድ አንድ ቃል

«ሌቦች ናቸው» ለምትሉ፦ ማሽኑን መራገም ቆጣሪ አያስገባም። ነገ ሁሉም ቢነቀሉ ከሰሉ ይቀጥላል፤ ዶላሩ ብቻ ይቀራል። ቁጣችሁን ወደ ጥያቄ ቀይሩት፤ «ዶላሩ የት ገባ?» በሉ።

«ቴክኖሎጂ ነው፣ ልማት ነው» ለምትሉ፦ መብራት መሸጥ ቴክኖሎጂ አይደለም። ቺፑ የተሠራው ሌላ አገር፣ ኮይኑ የሚሸጠው ሌላ አገር። የእኛ ድርሻ ውሃው ነው። ውሃውን ደግሞ አባቶቻችን ለሺህ ዓመት ሲሄድ ያዩት ነው፤ አፈር ይዞ ይሄድ ነበር። አሁን አስቁመን መብራት ካደረግነው በኋላ ተመልሶ በሽቦ እንዳይሄድብን ነው የምፈራው።

እንግዲህ ይሄ የኔ ሐሳብ ነው። በመብራት ሥራ ውስጥ ያላችሁ፣ ቁጥር ያላችሁ፣ የማትስማሙ ሁሉ ኮሜንት ላይ ጻፉ፤ ስድብ ግን አጠፋለሁ። አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁና ልጨርስ። ዛሬ ማታ ስትገቡ ቤታችሁ ያለውን ምጣድ ወይም ምድጃ ገልብጣችሁ ስንት ዋት እንደሆነ አንብቡ። ገጠር ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ደውላችሁ እንጀራው ዛሬ በምን እንደተጋገረ ጠይቁ። ሁለቱን መልስ እዚህ ጻፉልኝ። ትርፍ መብራት አለን የለንም የሚለውን ከዚያ ተነስተን እንነጋገራለን።